የቆቃ መስመር ሰርቪስ እና ኮምዩት የምትባለው ግስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኮምዩት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከዚህች አንዲት ቃል ጋር ስታገል ዋልኩ። አሸነፈችኝ ማለት ይቻላል።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ነው። ሚስተር ሱኒል ቢሮው ጠራኝና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። የስሪላንካ ሰው ነው፤ አዳማ ያለው የልብስ ፋብሪካችን ማናጀር። እኔ ደግሞ አስተርጓሚው ነኝ፤ እሱ በእንግሊዝኛ የሚለውን ለሠራተኞቹ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ እነሱ የሚሉትን ለእሱ በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። ነገር ሲበላሽ ከሁለቱም ወገን የምሰደበው እኔ ነኝ። ወረቀቱ የኮምዩት መመሪያ ይላል። ለዓርብ ተርጉሜ በካፍቴሪያው ስብሰባ ላይ ማንበብ አለብኝ።

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። የድርጅቱ ሰርቪስ ሠራተኛውን ከፌርማታ ያነሳል፣ ፌርማታ ላይ ያወርዳል። ኮምዩቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ሾፌር ሰው ካወረደ በኋላ መቆም አይችልም፤ ሲቆም የተገኘ ከሥራው ይሰናበታል።

ይሄ አሁን ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኩት። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞረው። ጂፒኤሱ የሰርቪሶቹን መንገድ ያሳያል። የቆቃው መኪና ማታ ማታ ሞተሩ ሳይጠፋ በየቦታው ይገተራል። ሚስተር ሱኒል ናፍጣ እየተቀዳ ይሸጣል ባይ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ሾፌር በእርግጥም ናፍጣ ሲሸጥ ተይዞ ነው የተባረረው። አሁን የሚነዱት ግን ጋሽ ቱፋ ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰላም ሲሉ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ፈራሁ። ግን ምን ብዬ ልከራከር? ለምን እንደሚቆሙ እኔም አላውቅም።

"ነገ አብረሽ ተሳፍረሽ እይ" አለኝ። እስከ ዓርብ ምክንያቱ ካልታወቀ ሌላ ሾፌር ይመጣል። የጋሽ ቱፋን እንጀራ በእኔ ዓይን ላይ ሰቀለው።

እሺ፣ ወደ ቃሏ። በየሳምንቱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ ስሯን መቆፈር ልማዴ ነው፤ ሌላው ሰው ድራማ ያያል፣ እኔ መዝገበ ቃላት። የዚህ ሳምንቷ ተገኘች።

ትርጉሟ፦ በቤትና በሥራ ወይም በቤትና በትምህርት ቤት መካከል አዘውትሮ መሄድና መምጣት።

የማትገባበት ቦታ፦ ቁልቢ መሄድ ኮምዩት አይደለም። ለእረፍት ላንጋኖ መውረድ ኮምዩት አይደለም። አሰላ አክስቴን ልጠይቅ መሄድም አይደለም። በየቀኑ ብሄድ እንኳ አይሆንም፤ ያ ሆዳምነት ይባላል።

"ጉዞ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። ጉዞ ጓዝ አለው፣ ስንቅ አለው፣ ሸኚ አለው። ምሳ ዕቃዋን በፌስታል አንጠልጥላ በጨለማ ሰርቪስ የምትጠብቅ ልጅ "ተጓዥ" ብላት ትስቅብኛለች። "ምልልስ" ብዬ ጻፍኩ፤ የጋዜጠኛ ነገር መሰለብኝ። ስሰርዝ ስጽፍ ራት ሳልሠራ መሸ። ዳቦና ሙዝ በላሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ምሳ ሰዓት ላይ የቃሏን ዘር ቆጠርኩ። ከላቲን የመጣች ናት፤ ስትፈታ "ጨርሶ መለወጥ" እንደማለት ነው። ስለ መንገድ አንድም ነገር የላትም! ለብዙ ዘመን ሥራዋ ሌላ ነበር፤ አንዱን ክፍያ በሌላ መለወጥ፣ ከባዱን ፍርድ ማቅለል። የሞት ፍርድ ወደ እስራት ሲለወጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬም የሚጠቀሙት በዚህችው ግስ ነው።

መንገዱ የመጣው በአሜሪካ ባቡር ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው በየቀኑ ትኬት ከሚቆርጥ፣ የየቀኑን ክፍያ በአንድ ቅናሽ ክፍያ ለወጡለት። ትኬቱ የመለወጫ ትኬት ተባለ። ከትኬቱ የተነሳ ባለትኬቱ ኮምዩተር ተባለ። ከባለትኬቱ የተነሳ ደግሞ ጠዋት ማታ የሚያደርገው ነገር ኮምዩት ተባለ። አስቀድሞ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ሰውየው፣ በመጨረሻ ድካሙ። ድካሙ ስም ያገኘው ከሁሉም በኋላ መሆኑ ገረመኝ። ሰዎቹ እኮ ስም ሳይወጣለት በፊትም ይደክሙ ነበር።

ማታ ተሳፈርኩ። በቅርቡ የሚላክ ዕቃ ስላለ ኦቨርታይም ነው፤ ስንወጣ ጨልሟል። ሰርቪሱ ውስጥ ስገባ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ጫልቱ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። የስፌት ላይን መሪ ናት፤ በዚያ መኪና ውስጥ ደግሞ የሁሉም ታላቅ እህት። የቢሮ ሰው ምን እግር ጣለሽ አለችኝ። ቆቃን አይቼ ስለማላውቅ ነው አልኳት። በጨለማ ቆቃን ላይ! ከእኔ የባሰ ውሸታም ፋብሪካው ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ሞጆ ላይ ወደ ቆቃ ታጠፍን። ዓይኔን ከጋሽ ቱፋ ላይ ሳልነቅል ሄድኩ። በየፌርማታው ቆሙ፣ ሴቶቹ "ነጋቲ፣ ነጋቲ" እያሉ ተሰነባብተው ወረዱ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄድን። ናፍጣ የለ፣ ጄሪካን የለ፣ የሚጠብቅ ሰው የለ።

አንድ ነገር ብቻ። ከቆቃ ከተማ መለስ ብሎ፣ የሽንኩርት ማሳዎቹ ጋ የምትወርድ ሌሊሴ የምትባል ልጅ አለች። በቅርቡ የተቀጠረች ናት። በሩ ላይ ስትደርስ አልወረደችም። ወደ ጋሽ ቱፋ አየች። ጋሽ ቱፋ በመስታወቱ ወደ ጫልቱ አዩ። ጫልቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ከዚያ ልጅቷ ወረደችና ጨለማው ዋጣት፤ እኛም ሄድን። ምንድን ነው ልል ብዬ ተውኩት፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። ጋሽ ቱፋ ሌባ አይደሉም! ነገ ጠዋት ይህንኑ እነግረዋለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ነኝ።

ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሚስተር ሱኒል ዘንድ ገባሁ። አንድም ቦታ ያለ አግባብ አልቆሙም፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩት። ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። እሱም ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ትናንት አልቆመም፤ ልክ ነሽ አለኝ። ከትናንት በስቲያ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት በሙሉ ቆሟል። ትናንትን ከሌላው ቀን የሚለየው ምንድን ነው? አንቺ መኪናው ውስጥ መኖርሽ። ሰው ሲያየው የማይቆም ከሆነ፣ ሳያየው የሚቆመው ለክፉ ነው።

ላድናቸው ብዬ ቀበርኳቸው።

ምሳ ላይ ጫልቱ ትሪዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አልበላችም። ሌሊሴ ዛሬ ሥራ አልገባችም አለችኝ። ትናንት ከፌርማታው ወደ አክስቷ ቤት ስትሄድ ማሳው ውስጥ ጉማሬ ሲያጓራ ሰማች። ከሐይቁ መሽቶ እየወጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ውስጥ መግባት ለቆቃ ጉማሬ የተለመደ ነው። በጨለማ ሮጠች፤ የመስኖ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። አክስቷ በጩኸቷ አግኝታ ነው ያነሳቻት።

"ሁልጊዜ እንጠብቃታለን" አለች ጫልቱ። "ትናንት ግን አንቺ ነበርሽ።"

ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ጋሽ ቱፋ የሚቆሙት ናፍጣ ሊሸጡ አይደለም። ያወረዷት ሴት ቤቷ እስክትገባ ነው የሚቆሙት። ገብታ በስልኳ መብራት ምልክት እስክትሰጥ ድረስ መኪናው አይነቃነቅም። ትናንት ከቢሮ ሰው አለ ተብሎ ቀረ።

ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ አልኳት። መደበቅ የነበረበት ሌብነት እንጂ ደግነት ነው?

"ቢሮ ያወቀው ነገር መጨረሻው ክልከላ ነው" አለችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው መመሪያ ትዝ አለኝ። ሾፌር ሰው ካወረደ በኋላ መቆም አይችልም። ምሳውን ሁለታችንም ሳንበላ ተነሳን።

ማታ ቃሏን አላየኋትም። መዝገበ ቃላቱን ስከፍት ያቺ በሩ ላይ ቆማ የነበረች ልጅ ናት የምትመጣብኝ። ያኔ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ምን ነበረበት?


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ጫልቱን አስፈቀድኩ። ዛሬም ልሳፈር፣ ግን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ አልኳት። ጋሽ ቱፋን ጠይቂ አለችኝ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። የመኪናውን መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

"ጋሽ ቱፋ፣ ዛሬ እንደ ወትሮው ያድርጉ። እኔ ሰላይ አይደለሁም።"

"አይ ልጄ፣ ሰላይ እንኳ ማታ ቤቱ መግባት አለበት" አሉኝና መወልወላቸውን ቀጠሉ።

አሁን ያየሁትን ሳይረሳኝ ልጻፍ።

የመጀመሪያዋ ሴት ወረደች። ጋሽ ቱፋ የመኪናውን አፍንጫ ከአስፋልቱ ትንሽ ሰበር አድርገው ወደ እግር መንገዱ አዞሩና ረጅሙን መብራት ለቀቁት። ሴትየዋ በብርሃኑ ውስጥ ሄደች፤ ጥላዋ ከፊቷ ረዝሞ ይታያል። መንገዱ ሲታጠፍ ከብርሃኑ ወጣች። መኪናው ግን አልሄደም። ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደዚያ ጎን መስኮት ተሰበሰቡ። ሲያወሩ የነበሩት ዝም አሉ፤ ስልክ ሲነካኩ የነበሩትም ስልካቸውን አወረዱ። ቀኑን ሙሉ ቆመውና ጎንብሰው የዋሉ፣ ወገባቸው የተቆረጠ ሴቶች ናቸው። ቸኩለዋል። ልጅ የሚጠብቃቸው አሉ። ግን አንዲት እንኳ "እንሂድ" አላለችም። ከዚያ ሩቅ፣ ከዛፎቹ ወዲያ፣ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለች።

"ገባች" አለች አንዷ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

በየፌርማታው እንዲሁ። ሦስት አራት ሆነው የሚወርዱበት ቦታ ከሆነ ምልክቱን የምትሰጠው ቤቷ የመጨረሻ የሆነችው ናት። ስልኳ የተበላሸባት አንዷ ደግሞ አለች፤ እሷ ስትገባ ባሏ በር ላይ ወጥቶ ያፏጫል። ፉጨቱ አይሰማም እያሉ ይቀልዱበታል፤ መስኮቱን ግን ከፍተው ይሰሙታል። ገብታ ምልክት መስጠት የረሳች ሰው ቅጣት አላት፤ በማግስቱ ለመኪናው ሁሉ ቆሎ ይዛ ትመጣለች። ጫልቱ ራሷ ሁለት ጊዜ ተቀጥታለች አሉኝ። እሷ ሐሰት ነው አለች፤ ሁሉም ሳቁባት።

እንዴት እንደተጀመረ ጠየቅኩ። ክረምት ላይ አንዷን ከፌርማታው ጅብ ተከተላት። በማግስቱ ጋሽ ቱፋ ማንም ሳይነግራቸው ቆሙ። ከዚያ በኋላ መቆም ቀርቶ አያውቅም። ከማክሰኞ በስተቀር።

ተደንቄያለሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ ስለ ሥራ ዲሲፕሊን፣ ስለ ቡድን መንፈስ ስንት ስልጠና ተርጉሜያለሁ። አሠልጣኞቹ እየተናገሩ እኔም ከእነሱ እኩል እየለፈለፍኩ፣ ሴቶቹ ወንበራቸው ላይ እያዛጉ ነበር። አሁን ለምን እንዳዛጉ ገባኝ። እኛ የምንሰብከውን እነሱ ማታ ማታ ያደርጉታል።

ስመለስ ባዶ መኪና ውስጥ ሆኜ ቃሉ መጣልኝ። ሰኞ ያን ሁሉ የሰረዝኩት በከንቱ ነው፤ ማንም ሰው የሚያውቀውን ሳልፈው ነበር። እከሌ የት ይሠራል? ከሞጆ አዳማ እየተመላለሰ ይሠራል። መመላለስ! እንግሊዝኛው ከትኬት ተወለደ፤ የኛው መመለስን በሆዱ ይዞ ነው የተወለደው። ሄዶ ላልተመለሰ ሰው "ተመላለሰ" አይባልም።

ግን ቃል ጋሽ ቱፋን አያድናቸውም። ነገ ዓርብ ነው።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጉሮሮዬ ደርቋል። የሻይ ቅጠል እንኳ አልቋል።

ከስብሰባው በፊት ያየሁትን ሁሉ ለሚስተር ሱኒል ነገርኩት። አመነኝም አላመነኝምም። ጥሩ ታሪክ ነው አለኝ። ባለፈው የተባረረው ሾፌርም የታመመች እናት ነበረችው፤ ያም ጥሩ ታሪክ ነበር አለኝ። አላስቀየመኝም፤ አንዴ የተታለለ ሰው ነው።

ካፍቴሪያው ሞልቷል። ማንበብ ጀመርኩ። "የመመላለስ መመሪያ" ስል ሚስተር ሱኒል የተጠቀምኩበትን ቃል ትርጉም በጆሮዬ ጠየቀኝ። መሄድ ብቻ ሳይሆን መመለስም ያለበት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አንቀጹ ጋ ደረስኩ፤ የድርጅቱ ኃላፊነት ፌርማታ ላይ ያበቃል። አንብቤ ቀና ስል ጫልቱ ቆማለች።

ጩኸት ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። በኦሮምኛ፣ ዝግ ብላ፣ ከእኔ ፌርማታ ወዲያ የደረቀ ወንዝ አለ፣ ክረምት ክረምት ደግሞ አይደርቅም አለችና ተቀመጠች። ያች ባሏ የሚያፏጭላት ተነሳች። ከእኔ ፌርማታ ወዲያ የጡብ ማምረቻ አለ፣ ማታ የሰከሩ ሰዎች አይጠፉበትም አለች። ሌላዋ ተነሳች። ከእኔ ፌርማታ ወዲያ ባለቤቱ የማያስረው ውሻ አለ። ሌላዋ። ከእኔ ፌርማታ ወዲያ የባቡር ሐዲድ አለ፣ ባጃጅ አያሻግርም። እያንዳንዷ አንድ አንድ ነገር ብላ ተቀመጠች። የቆቃዎቹ ሲጨርሱ የወንጂ መስመር ሴቶች መነሳት ጀመሩ፤ ከዚያ የሞጆዎቹ። እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ። ሦስት ቋንቋ አፌ ውስጥ ተደባልቆ አንዴ ለሚስተር ሱኒል በኦሮምኛ ነገርኩት፤ እሱም ሳያቋርጠኝ ሰማ።

ሌሊሴን ማንም አላነሳትም። በኋላ ጫልቱን ስጠይቃት ልጅቷ ስሟ እንዲነሳ አልፈለገችም አለችኝ።

ሚስተር ሱኒል ሾፌሩ ይጠራ አለ። ጋሽ ቱፋ ከግቢው ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ለምን ትቆማለህ ተብለው ተጠየቁ። እኔ "ለምን ይቆማሉ?" ብዬ ነው የተረጎምኩት። ራሳቸውን ይከላከላሉ፣ ጅቡን ይነግሩታል፣ ክረምቱን ያስታውሱታል ብዬ ጠበቅኩ።

"ፌርማታ ላይ የሚያድር ሰው የለም" አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። እኔም ምንም ሳልጨምር ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩት። ሚስተር ሱኒል ሞተሩስ ለምን አይጠፋም አላቸው። የመኪናው ማስነሻ ሞተሪኖ ደክሟል፣ ካጠፋሁት ገፍተው የሚያስነሱት እነሱ ናቸው አሉ። ካፍቴሪያው በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። መመሪያውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ነገ ራሴ እሳፈራለሁ አለ። ከዚያ በኋላ እወስናለሁ።

ጋሽ ቱፋ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በር ላይ ደርሼ አይዞዎት ልላቸው ነበር። ቀድመውኝ "አይዞሽ" አሉኝ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አሁን ገባሁ። እጄ ላይ ያለው ስልክ ገና ትኩስ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ እየጻፍኩ ነው።

ሚስተር ሱኒል ሲሳፈር ጋቢና ይቀመጣል ብዬ ነበር። ጫልቱ ከኋላ ካልሆነ አይታይህም ብላ መሐል አስቀመጠችው። ትናንት ምልክት መስጠት የረሳች አንዷ ቆሎ አምጥታ ኖሮ እጁን ሞልተው ሰጡት። ለምን እንደሆነ ሲሰማ የመጀመሪያ ፈገግታውን አየሁ። በየፌርማታው እንደ እነሱ መስኮቱ ጋ እየተጠጋ አየ። ባልየው ሲያፏጭ መስኮት የከፈተው እሱ ነው።

ሌሊሴ ዛሬ ሥራ ገብታ ነበር፤ እግሯን በፋሻ ጠቅልላ፣ እያነከሰች። ማሳው ጋ ስንደርስ ሁለት ሴቶች እንሸኛት ብለው ተነሱ። እንቢ አለች። በመብራቱ ውስጥ ቀስ እያለች ሄደች፣ መታጠፊያው ጋ ከብርሃኑ ወጣች። ጠበቅን። ምልክቱ አልመጣም። ጠበቅን። አንዷ "ማርያም ድረሽ" አለች፣ ሌላዋ አላህን ጠራች። ሚስተር ሱኒል ከወንበሩ ተነስቶ ምን ሆነች አለኝ። አላውቅም አልኩት። ጋሽ ቱፋ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን መሬት አደረጉ። ሚስተር ሱኒልም ተከትሏቸው እስከ በሩ ደረሰ።

ያኔ ብልጭ አለች። እግሯ ነው ያዘገያት፣ ሌላ አይደለም። መኪናው ውስጥ ሁሉም እኩል ተነፈሰ። እሱ ግን ቶሎ አልተቀመጠም፤ መኪናው ከተንቀሳቀሰም በኋላ ብርሃኗ የጠፋችበትን ቦታ እያየ በሩ ጋ ቆሞ ቆየ።

ቆቃ ከተማ ጫልቱን የመጨረሻ አድርገን አውርደን ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ሞጆን ስናልፍ መመሪያውን ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። አልፈርምበትም አለኝ። ፌርማታ የሚለውን አውጪ፤ ቤቷ እስክትገባ ብለሽ ጻፊ። ለሦስቱም መስመር ይሁን። ዋናው መሥሪያ ቤት ስለ ናፍጣው ይጠይቃል፤ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ መልሱን ግን እኔ ነኝ የምሰጠው። ሾፌሩ ሰኞ እንደ ወትሮው ይምጣ በይው።

ነገርኳቸው። ጋሽ ቱፋ "እሺ" አሉና ማርሽ ቀየሩ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን አየሁት፤ አብዝተው ያርገበግቡት ነበር።

አዳማ ስንገባ የኔ ሰፈር ይቀድማል። የመንገዱ መብራት በርቷል፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሰው ይተላለፋል። ደህና እደሩ ብዬ ወረድኩ። የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ ከኋላዬ መንገዱ በብርሃን ተጥለቀለቀ። ዞር ስል መኪናው ቆሟል፤ ረጅሙ መብራት ወደኔ። ከኋላው ባጃጆች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ሂዱ ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። አልሄዱም። ሚስተር ሱኒል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይጠብቃል።

አፈርኩ። የተከራየኋት ክፍል ከግቢው በስተጀርባ ናት። እየሮጥኩ ገባሁ፣ በሬን ከፈትኩ፣ ስልኬን አውጥቼ በአጥሩ ላይ ብልጭ ብልጭ አደረግኩት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ይህችን ክፍል ከተከራየሁ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። ስንቴ አምሽቼ ገብቻለሁ፣ ስንቴ በፍርሃት ቁልፉን ከጣቴ ጥያለሁ። ገባች ወይስ አልገባች ብሎ ቆሞ የጠበቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አለቀስኩ፤ እዚህ ማንም ስለማያነበው እጽፈዋለሁ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚል አላውቅም። ሰኞ ይታወቅ ይሆናል። እኔ ግን ገብቻለሁ።